ድልድዩ ቀደመ፦ የከምባታ ሴቶች ጉዳይና የውጭ እርዳታ ነገ

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ላይ ስልኬ አላርፍ አለ። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ በእርዳታ ፕሮጀክት ነው የሚሠሩት። አንዱ «ሥራ አቁሙ ተብለናል» ይላል። ሌላዋ «እኛም ደብዳቤው ደርሶናል» ትላለች። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አግዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በኩል በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ኮንትራታቸው እንዲቋረጥ ደብዳቤ ወጣ። ማርች ላይ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የሆነው የዩኤስኤይድ ፕሮግራም 83 በመቶው እንደተሰረዘ ተነገረ። ጁላይ 1 ቀን ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። እንግሊዝም ብትሆን ከአገራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ የነበረውን እርዳታዋን በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የማይጠፋ አንድ ሐረግ አለ። «በአካባቢው ሰው የሚመራ ልማት» ይባላል። ሐረጉ አዲስ አይደለም። በ2016 ኢስታንቡል ላይ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ተሰብስበው፣ ከሰብአዊ እርዳታው 25 በመቶውን በ2020 በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች እናደርሳለን ብለው ተስማምተው ነበር። ዩኤስኤይድም በ2021 የራሱን 25 በመቶ ግብ አስቀመጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገና 10 በመቶ አካባቢ ነበር። ገንዘቡ በነበረ ጊዜ ያልሆነው ነገር፣ ገንዘቡ ሲደርቅ የሁሉም ሰው አፍ ማሟሻ መሆኑ ያሳስበኛል። ምክንያቱም «እናንተው ምሩት» ማለትና «እናንተው ቻሉት» ማለት በጣም ይለያያሉ።

ስለዚህ ስለ ሐረጉ ከመከራከር አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዤ ልቀመጥ አልኩ። የመረጥኩት ከምባታን ነው።

ሰፈሩና ችግሩ

ከምባታ ከሆሳዕና በስተደቡብ ነው። ዋና ከተማው ዱራሜ ነው፤ ከአናቱ የሀምበሪቾ ተራራ ቆሟል። ምድሩ ለምለም፣ ሰዉ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው። ወጣቱ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደድበት አካባቢ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

በ1990ዎቹ እዚያ ያልተገረዘች ሴት ልጅ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ይህን የሚሰማ የከተማ ሰው ቶሎ ይፈርዳል። እኔም እፈርድ ነበር። ነገር ግን በእናትየው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። እናት ልጇን የምታስገርዘው ስለምትጠላት አይደለም። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም። ባል የሌላት ሴት መሬት የላትም፣ ቤት የላትም፣ ሰው ፊት የምትቆምበት ክብር የላትም። ስለዚህ እናትየው ጎጂነቱን ብታውቅ እንኳ ብቻዋን ልታቆመው አትችልም። ብቻዋን ካቆመች የምትጎዳው የገዛ ልጇን ነው። ይህ ቋጠሮ የጉዳዩ ሁሉ ማሰሪያ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው ጠለፋ ነው። ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትሄድ ትወጣለች፤ በዚያው ትቀራለች። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣ ይከፈላል፣ «ታርቀናል» ይባላል። ሕጉም ቢሆን አያድናትም ነበር። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ በሕግ ካገባት ክስ እንዳይቀርብበት ያደርግ ነበር። ተጠልፋ የተደፈረች ልጅ «በፈቃዷ» ስትባል ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ። ይህ ድንጋጌ የተነሣው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። የሴት ልጅ ግርዛትም በግልጽ ወንጀል የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ቦጋለች ገብሬ

ቦጋለች ገብሬ የዚያው የከምባታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ውሃ ልቀዳ ብለው ከቤት ይወጡና እንስራቸውን ደብቀው ፊደል ሊቆጥሩ ይሄዱ ነበር። እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ እሳቸውም ተገርዘዋል፤ ብዙ ደም ፈስሷቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ትምህርቱ ግን ገፋ። በኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ ተማሩ። በፉልብራይት ነጻ የትምህርት ዕድል ማሳቹሴትስ ሄዱ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ኤፒዴሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ማጥናት ጀመሩ። እዚያ ሳሉ ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ ያሰባስቡ፣ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች መጻሕፍት ይልኩ ነበር። ዲያስፖራ ሆኖ አገሩን ለመርዳት የሚባትት ሰው ይህን ኑሮ በደንብ ያውቀዋል።

በ1990ዎቹ ተመልሰው መጡና ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ይባላል። በከምባትኛ «የከምባታ ሴቶች አንድ ላይ ሲቆሙ» እንደ ማለት ነው። በአጭሩ ኬኤምጂ ይሉታል።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ጥናት የሚገባው የሚሆነው።

ቦጋለች እንደተመለሱ በአንድ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ተገኝተው ስለ ኤችአይቪ ተናገሩ። ያን ጊዜ ይህ በአደባባይ የማይነሣ ነገር ነበር። ሕዝቡ አዳመጠ። ለቦጋለች ግን አንድ ነገር ገባቸው። ምንም የዚያ አገር ልጅ ቢሆኑ፣ ከአሜሪካ መጥተው ስለ ሰው ገላና ጓዳ ለመናገር ገና ተቀባይነት አላገኙም። ሰዉን ምን እንደቸገረው ጠየቁ። መልሱ ድልድይ ነበር። በአጎራባቹ በአላባ በኩል ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ የላቸውም።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሴትዮዋ የመጡት ለሴቶች ጤናና መብት ነው። ሰዉ የጠየቃቸው ብረትና ሲሚንቶ ነው። ብዙ ድርጅት «ይህ የእኛ ዘርፍ አይደለም፤ መንገድ ባለሥልጣንን ጠይቁ» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን የድልድዩን ዕቃ አቀረቡ። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ መነጋገር የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ የራሴ ነገር ይቆጨኛል። ከዓመታት በፊት በአንድ የሥነ ምግብ ፕሮጀክት ውስጥ ሪፖርት እጽፍ ነበር። አንድ ቀበሌ ሄደን የሕፃናት ገንፎ አሠራር አሳየን። ሲያልቅ አንዲት እናት ተነሡ። «ልጄ፣ ገንፎውስ ገብቶናል፤ ያስቸገረን ውሃው ነው» አሉ። ምንጩ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠዋት ውሃ የሄደች ሴት ገንፎ የምታገነፋው መቼ ነው? ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሪፖርቱ ላይ ግን የሚገባበት ሣጥን አልነበረም። የሠልጣኝ ቁጥር የሚሞላበት ሣጥን አለ። የተከፋፈለ ዱቄት በኪሎ የሚሞላበት ሣጥን አለ። ውሃው «ሌሎች አስተያየቶች» ሥር አንድ መስመር ሆኖ ቀረ። ፕሮጀክቱ ቁጥሩን ሞልቶ ተዘጋ። ምንጩ ዛሬም እዚያው ርቀቱ ላይ ነው።

ውይይቱ

ከድልድዩ በኋላ ኬኤምጂ የያዘው ዋና ሥራ የማኅበረሰብ ውይይት ነው። አንድ ቡድን 50 ያህል ሰው ይይዛል፤ ግማሹ ሴት፣ ግማሹ ወንድ። በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። ሽማግሌው አለ፣ የሃይማኖት አባት አለ፣ ወጣቱ አለ፣ ገራዧም ራሷ አለች። አወያዮቹ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ወንድና ሴት እኩል ተቀምጠው ስለ ሴት ገላ ማውራት ቀላል አልነበረም። ሴት በወንድ ፊት መናገር ራሱ አልተለመደም። ስለዚህ ስብሰባው ወዲያው ግርዛት ላይ አይዘልም። የሰፈሩን ችግር ሰዉ ራሱ ይዘረዝራል። በሽታው ይነሣል፣ ወሊዱ ይነሣል፣ የሞተችው እህት ትነሣለች። በወሊድ የሞተችን ሴት የማያውቅ ቤት የለም። «ለምን ሞተች?» የሚለው ጥያቄ ቀስ እያለ ወደ ግርዛቱ ይወስዳል። ይህ በአንድ ቀን ሥልጠና አያልቅም። ወራት ይፈጃል።

አንድ ነገር በሐቀኝነት መነገር አለበት። የውይይቱ ዘዴ ከከምባታ አልፈለቀም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሞከረው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር መጀመሪያ የተሞከረው አላባና ያቤሎ ላይ ነበር፤ አላባ ላይ ከኬኤምጂ ጋር። በኋላ በኤችአይቪ ሥራ በኩል በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። «በአካባቢው ሰው የሚመራ» ሲባል ሁሉ ነገር ከሰፈር መፍለቅ አለበት የሚሉ አሉ። አልስማማም። ዘዴ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወሳኙ የመነጋገሪያውን ርዕስ ማን እንደሚያስይዝ፣ ውሳኔውን ማን እንደሚወስን ነው።

ሠርጉ

አሁን ወደዚያ ቋጠሮ ልመለስ። እናት ብቻዋን ማቆም አትችልም ብዬ ነበር። ታዲያ ምን ይደረግ? ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአደባባይ፣ ሌላው እያየው ማቆም አለበት። ያልተገረዘች ልጅ ባል እንደምታገኝ ሰዉ በዓይኑ ማየት አለበት።

በ2002 ይህ ሆነ። አንድ ጥንዶች ሙሽራዋ አለመገረዟን አስታውቀው በአደባባይ ተጋቡ። ሙሽራዋ አንገቷ ላይ ጽሑፍ አንጠልጥላ ነበር፤ አልተገረዝኩም፣ ከእኔ ተማሩ የሚል። ሙሽራውም የራሱን አንጠልጥሏል፤ ያልተገረዘች ሴት በማግባቴ ደስ ብሎኛል የሚል። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ታድሟል። ካጀቧት መካከል ብዙ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ነበሩ።

ሁለቱን ወጣቶች አስቧቸው። ሠርግ በእኛ አገር የሁለት ሰው ጉዳይ አይደለም። አማት አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ለዓመታት የሚዘልቅ ወሬ አለ። ያን ሁሉ እያወቁ ያን ጽሑፍ አንገት ላይ ማንጠልጠል ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል! ከዚያ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ያልተገረዙ ልጃገረዶች በአደባባይ የሚወደሱበት በዓልም መጣ። ትናንት ስድብ የነበረው ነገር ክብር ሆነ። ይህን የትኛውም ፖስተር አያመጣውም።

ዕድሩ

ለእኔ የጉዳዩ እንብርት ግን ዕድር ነው። ዕድርን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ትልልቁን ድስት፣ ስም የሚጠራበትን ደብተር ሁላችንም እናውቀዋለን። በከምባታ ዕድሮቹ ከውይይቱ የወጣውን ውሳኔ ወደ መተዳደሪያ ደንባቸው አስገቡት። ልጁን ያስገረዘ፣ በጠለፋ የተባበረ ይቀጣል ተባለ።

ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ነው። ፍርድ ቤቱ ከዚያም ይርቃል። ዕድር ግን ደጅ ላይ ነው። ዕድሩ ያገለለውን ሰው ለቅሶው ላይ ማን ይደርስለታል? ቀብሩን ማን ያስፈጽምለታል? ይህን ቅጣት የሚንቅ ሰው አላውቅም። ደግሞም ደንቡ ከላይ የወረደ ሳይሆን አባላቱ ራሳቸው ተከራክረው የተስማሙበት ነው። ለጋሹ ቢሄድ፣ ፕሮጀክቱ ቢዘጋ፣ መኪናው ቢወሰድ ዕድሩ ይሰበሰባል። ከለጋሽ ደመወዝ አይጠብቅም።

ውጤቱና የሚከነክነኝ

በ2008 ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት ለውጡን አሳይቷል። ከአሥር ዓመት በፊት 97 በመቶው ነዋሪ ግርዛትን ይደግፍ ነበር፤ ጥናቱ ሲደረግ ግን ደጋፊው ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። የሙሽራ ጠለፋም ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ተዘግቧል። ከአገሪቱ ጋር አነጻጽሩት። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት በ2000 80 በመቶ፣ በ2005 74 በመቶ፣ በ2016 65 በመቶ ነበሩ። በርግጥ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነገር አይለኩም። አንዱ የሰዉን አመለካከት ነው፣ ሌላው ድሮ የተገረዙትንም ይቆጥራል። ቢሆንም የከምባታው ፍጥነት የተለየ ነው። ቦጋለች በ2005 የሰሜን–ደቡብ ሽልማትን፣ በ2013 የቤልጂየምን የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማት ተቀብለዋል። ኖቬምበር 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፉ።

የሚከነክኑኝ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ቁጥሩ ነው። አንድ ነገር ወንጀል ከሆነና ዕድርም ከቀጣበት በኋላ ለጠያቂ «አዎ፣ አስገርዣለሁ» የሚል ስንት ሰው ይገኛል? ለውጡ ውሸት ነው አልልም፤ የአደባባዩ ሠርግ ውሸት ሊሆን አይችልም። ግን ማኅበራዊ ቅጣት ሲበረታ ድርጊቱ ወደ ጓዳ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ጸድቋል ብሎ ውይይቱን ማቆም ልክ አይመስለኝም። አዲስ እናት በየዓመቱ ትመጣለች።

ሁለተኛው ቦጋለች ራሳቸው ናቸው። ቋንቋውን የሚያውቁ፣ ሕመሙን በገላቸው የቀመሱ፣ በእንግሊዝኛም ለጋሽ የሚያሳምኑ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በየወረዳው አይገኝም። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ሥራ ሰውዬው ሲያልፍ ይፈተናል። ለዚህም ነው ዕድሩን ከሽልማቱ የማስቀድመው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው፤ ይህ የዛሬው ጥያቄ ነው። ኬኤምጂ የሠራው በውጭ ገንዘብ ጭምር ነው። ሲሚንቶው በነጻ አልመጣም። አወያይ ማሠልጠንም ወጪ አለው። «አያችሁ፣ ሕዝቡ ራሱ ይችላል፤ እርዳታው ይቅር» ብሎ ከምባታን የሚጠቅስ ሰው ጉዳዩን አላነበበውም። ለኤችአይቪ መድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ዕድር ሰብስቦ አይሞላውም። በ2025 በአንድ ጊዜ የተቋረጠው ነገር በመዋጮ የሚተካ አልነበረም፤ ያንን «ለአካባቢው ሰው ሥልጣን መስጠት» ብሎ መጥራት ሰውን መበደል ነው።

እኛም ብንሆን የራሳችን ጥፋት አለብን። የ2009ኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በሴቶች እኩልነት፣ በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። አገር ውስጥ ገንዘብ በማይገኝበት ጊዜ ይህ በሩን መዝጋት ነው። አዋጁ በ2019 ተሻረ። አሥር ዓመት ግን አለፈ። በዚያ ጊዜ ማደግ የነበረባቸው ትናንሽ የሴቶች ማኅበራት ወይ ጠፉ፣ ወይ ሥራቸውን ወደ «አገልግሎት» ለወጡ።

አሁንስ?

ገንዘቡ አንሷል፤ ቶሎ የሚመለስም አይመስልም። የቀረው ግን እንዴት እንደሚሰጥ መነጋገር እንችላለን። ከከምባታ የማየው፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንዱ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ነው፤ እንደ ድልድዩ። ሌላው ትንሽ ሆኖ ለዓመታት የሚዘልቅ ነው፤ እንደ ውይይቱ። የተለመደው የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ለሁለቱም አይመችም። ለድልድይ «ዘርፌ አይደለም» ይላል፤ ለውይይት ደግሞ ሰዉ ገና አፉን ሲከፍት ጊዜው ያልቃል።

ዲያስፖራው እዚህ ላይ የራሱ ቦታ አለው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ የአንድ ወረዳ ተወላጆች ማኅበር ክሊኒክ አሠርቶ ሪባን ከመቁረጡ በፊት፣ የሰፈሩን ዕድሮች አንድ ላይ አስቀምጦ ቢጠይቅ ገንዘቡ የት እንደሚያስፈልግ ይነግሩታል። ለለጋሽ ሪፖርት የመጻፍ ግዴታ የለበትም። አሥር ዓመት መቆየትም ይችላል። አገሩ ነውና የትም አይሄድም።

ለቀሩት ለጋሾች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየበጀቱ ውስጥ አንድ ባዶ መስመር ይኑር። ርዕስ የሌለው፣ መጠኑ ብቻ የተጻፈ። ሰዉ ከተሰበሰበ፣ ከተከራከረ፣ ከተስማማ በኋላ ራሱ የሚሞላው። አላባ ላይ ያ መስመር «ድልድይ» ይባል ነበር። እኔ ሪፖርት በጻፍኩበት ቀበሌ ደግሞ እኚያ እናት ተነሥተው «ውሃ» ብለው ያስሞሉት ነበር፤ ገንፎውም ያን ጊዜ ይበላ ነበር።